ለደጋ ጉዞ የሱፍ ብርድ ልብስ አመራረጥ

ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር የጉዞ ወራት ናቸው። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ተራራው ወለል ብሎ ይታያል። ሰሜን ተራሮች የሚወጣው፣ ባሌ የሚሻገረው፣ ለገና ላሊበላ የሚሳለመው ብዙው ሰው የሚንቀሳቀሰው በዚህ ጊዜ ነው። የሌሊቱ ብርድ የሚከፋውም በእነዚሁ ወራት ነው። ደመና ስለሌለ ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ማታ ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። ጠዋት ስትነሱ ሳሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

እንዲህ ላለው ሌሊት ጥሩ የሱፍ ብርድ ልብስ የሚያህል ጓደኛ የለም። ነገር ግን ገበያ ላይ «ሱፍ ነው» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ሱፍ አይደለም። ወፍራም የሆነው ሁሉም አያሞቅም። አበባ የታተመበት፣ እንደ ድመት ፀጉር የሚለሰልሰው ብርድ ልብስ ሱቅ ውስጥ ሲዳስሱት ልብ ይወስዳል። አብዛኛው ግን ፖሊስተር ወይም አክሪሊክ ነው። ለመኝታ ቤት ምንም አይልም፤ ለተራራ ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል። እኔ የምለው፣ ብርድ ልብስ በዓይን አይመረጥም። በእጅ፣ በሚዛንና በክሩ ነው የሚመረጠው። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ላሳያችሁ።

1. መጀመሪያ የምታድሩበትን ቦታ ወስኑ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን መልሱ። የምታድሩት ድንኳን ውስጥ ነው? ፔንሲዮን ነው? ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው? ወይስ ሌሊት ተነስቶ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ?

ከዚያ ከፍታውን አስቡ። በጥቅሉ 1000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር አየሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። ባሕር ዳር 1800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሰሜን ተራሮች ውስጥ ያለው የጨነቅ ካምፕ 3600 ሜትር አካባቢ ነው። ከፍታው ብቻውን ወደ 12 ዲግሪ ልዩነት ያመጣል ማለት ነው። ባሕር ዳር ላይ በነጠላ የምታመሹበት ሰዓት ጨነቅ ላይ ጣት ያቆፍናል።

ሌሎቹንም ጥቂት ልጥቀስ። ላሊበላ ወደ 2500 ሜትር ነው፤ ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር በላይ ነው። የመንዝ ጓሳ ከ3200 ሜትር ይጀምራል። የባሌው የሳነቴ አምባ 4000 ሜትር አካባቢ ሲሆን እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4377 ሜትር ይደርሳል።

እዚህ ላይ በግልጽ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ከ3200 ሜትር በላይ በድንኳን የምታድሩ ከሆነ ብርድ ልብስ ብቻውን አይበቃም። ስሊፒንግ ባግና ከስሩ የሚነጠፍ ስፖንጅ ያስፈልጋችኋል። ሰሜን ተራሮችን የሚያስጎበኙ ሰዎች እነዚህን ያከራያሉ፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሱፍ ብርድ ልብሱ ያን ጊዜ ተጨማሪ ነው። ማታ እሳት ዳር ትከናነቡታላችሁ፣ ሌሊት ከላይ ትደርቡታላችሁ። ለላሊበላ፣ ለደብረ ብርሃን ወይም ለፔንሲዮን አዳር ግን ጥሩ የሱፍ ብርድ ልብስ ከደህና ልብስ ጋር ራሱን የቻለ መኝታ ነው።

2. ማን እንደሚሸከመው አስቡ

ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው መንገድ ላይ ነው። መኪና ካላችሁ 3 ኪሎ የሚመዝን ብርድ ልብስ ችግር የለውም። በሰሜን ተራሮች ዕቃ የሚጭነው በቅሎ ስለሆነ እዚያም ብዙ አትቸገሩም። በእግር የምትሳለሙ ከሆነ ግን ከ2 ኪሎ በላይ አትውጡ። ስንቅ አለ፣ ውሃ አለ፣ ቅያሪ ልብስ አለ። ትከሻ የሚሸከመው ልክ አለው።

የአውቶቡስ መንገደኛም እንዲሁ። እግር ስር ወይም ከራስ በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ የሚገባ፣ ተጠቅልሎ ትራስ የሚሆን ስስ ሱፍ ይበቃዋል።

3. ሱፍ መሆኑን አረጋግጡ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ እንበል።

ሱፍ ለምን ያሞቃል? የበግ ፀጉር ቀጥ ያለ አይደለም፤ ከላይ እስከ ታች የተጠቀለለ ነው። ጥቅልሉ በመካከሉ አየር ይይዛል። የሚያሞቀን ያ የማይንቀሳቀስ አየር ነው። ሁለተኛው ጉዳይ እርጥበት ነው። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ የሚያህል የውሃ ተን ወደ ውስጡ ስቦ ሲነኩት ገና ደረቅ ይመስላል። እርጥበቱን ሲስብ ደግሞ ጥቂት ሙቀት ይሰጣል። ድንኳን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የምትተነፍሱት ትንፋሽ፣ የሰውነታችሁ ላብ፣ የጠዋቱ ጤዛ ሁሉ ብርድ ልብሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ጥጥ በዚህ ጊዜ ይረጥብና ሰውነት ላይ ይለጠፋል። ሱፉ ግን ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ሲባል ዝናብ የበሰበሰ ሱፍ ደህና ነው ማለት አይደለም። እሱ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ለመድረቅም ጊዜ ይፈጃል።

ሦስተኛው እሳት ነው። ሱፍ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ቢለኩሱትም እሳቱን ስታርቁት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ፖሊስተርና አክሪሊክ ግን ይቀልጣሉ፤ የቀለጠውም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ማታ እሳት ከባችሁ ለምትቀመጡ፣ ፍንጣሪ ለሚዘልባችሁ ሰዎች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

አሁን ወደ ፍተሻው።

በእጃችሁ ጨብጡት። ጥግ ይዛችሁ አጥብቃችሁ ጨምቁና ልቀቁ። ጥሩ ሱፍ ቶሎ ይነፋል፤ የጭብጡ ምልክት ይጠፋል። ተጨማድዶ የሚቀር ከሆነ ወይ ጥጥ በዝቶበታል ወይ ፀጉሩ አርጅቷል።

አሽትቱት። ጥቂት ውሃ በጣታችሁ ንኩና ጫፉን አርጥቡት። ሱፍ ሲረጥብ ትንሽ በግ በግ ይሸታል። ሽታው ደካማ ቢሆን አትጨነቁ፤ በደንብ የታጠበ ሱፍ ብዙ አይሸትም። የሻጋታ ወይም የጋዝ ሽታ ካለው ግን ተዉት።

ክሩን አቃጥሉ። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ከጠርዙ አንዲት ክር ምዘዙ። «እማማ፣ ከጫፉ አንድ ክር ልምዘዝ?» ቢሏቸው ዕቃቸውን የሚያምኑ ሰው አይከለክሉም። ውጭ ውጡ፤ ክሩን በወረንጦ ይዛችሁ ክብሪት አስጠጉበት። ሱፍ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ጥጥ ቶሎ ይነድና የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። አክሪሊክና ፖሊስተር ይኮማተራሉ፣ ይቀልጣሉ፣ ሲበርዱም ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናሉ። የቀለጠው እጃችሁ ላይ እንዳይንጠባጠብ ተጠንቀቁ። ከድሩም ከማጉም አንዳንድ ክር ሞክሩ። ድሩ ጥጥ ሆኖ ማጉ ብቻ ሱፍ የሆነ ብርድ ልብስ ብዙ አለ።

አንዱ ክር የፀጉር ሽታም ጠንካራ ፍሬም አንድ ላይ ካሳየ ድብልቅ ነው ማለት ነው። ድብልቅ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ጥቂት ናይለን የገባበት ሱፍ መቀደድን ይቋቋማል። ሱፉ ከግማሽ በታች ከሆነ ግን በሱፍ ዋጋ አትግዙት።

ቤት ወስዳችሁ የምታደርጉት ሌላ ፍተሻ ደግሞ በረኪና ነው። ትንሽ ክር በረኪና ያለበት አሮጌ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩና ጥቂት ሰዓታት ተዉት። ሱፉ ይሟሟል። ጥጥ፣ አክሪሊክና ፖሊስተር ይቀራሉ። የቀረውን አይታችሁ ድብልቁ ምን ያህል እንደሆነ ትገምታላችሁ። መስኮት ክፈቱ፣ ልጆች አታስጠጉ፤ በረኪናውን ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። በረኪና ለሱፍ ምን እንደሚያደርግ አንዴ ያየ ሰው ብርድ ልብሱን በበረኪና አያጥብም።

4. መዝኑት

ሻጭ «ከባድ ነው፣ ያሞቃል» ይላል። ክብደት ብቻውን ግን አይነግርም፤ ትልቅ ስለሆነም ይከብዳልና። ቁም ነገሩ በአንድ ካሬ ሜትር ስንት ግራም ሱፍ አለ የሚለው ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ርዝመቱን በወርዱ አባዙ፤ ክብደቱን በውጤቱ አካፍሉ። ለምሳሌ ርዝመቱ 2.2 ሜትር፣ ወርዱ 1.6 ሜትር የሆነ ብርድ ልብስ 3.52 ካሬ ሜትር ነው። 1.8 ኪሎ ቢመዝን በካሬ ሜትር 510 ግራም አካባቢ ይመጣል። የሽንኩርት ሚዛን ያለው ጎረቤት ሱቅ አይጠፋም፤ ለምኑና መዝኑ። ርዝመቱን ደግሞ በሜትር ለኩ እንጂ በክንድ አትገምቱ።

የእኔ መለኪያ ይህን ይመስላል። ከ300 ግራም በታች ለአውቶቡስና ለወይና ደጋ ነው። ከ400 እስከ 550 ግራም ለአብዛኛው የደጋ ጉዞ ልክ ነው፤ የተሸካሚውንም ትከሻ አይጎዳም። ከ600 ግራም በላይ ለመኪናና ለበቅሎ ነው። ሁለት ስስ ብርድ ልብስ ከአንድ ወፍራም እመርጣለሁ። በሁለቱ መካከል ተጨማሪ አየር ይያዛል፤ ሲሞቅ አንዱን ታነሳላችሁ፤ ሲረጥብም ቶሎ ይደርቃሉ።

5. ሽመናውን በብርሃን እዩ

ብርድ ልብሱን ወደ ፀሐይ ወይም ወደ አምፖል አንሱት። ብርሃኑ እንደ ወንፊት በብዙ ቀዳዳ የሚገባ ከሆነ ነፋስም ይገባል። በእኩል የደበዘዘ ብርሃን ቢታይ ጥሩ ነው። አንዱ ቦታ ጠቆር፣ ሌላው ነጣ ካለ ሽመናው እኩል አይደለም፤ የነጣው ቶሎ ይበሳሳል።

ፊቱንም እዩ። ጥሩ ብርድ ልብስ ከተሸመነ በኋላ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታሻል። ፀጉሮቹ እርስ በርስ ይያያዙና ጨርቁ ይጠቀጠቃል። ከዚያ ፊቱ ይበጠራል፤ አየር የሚይዝ ለስላሳ ገጽ ይወጣዋል። ድሩና ማጉ አንድ በአንድ ተለይቶ የሚቆጠር ከሆነ በደንብ አልተጠቀጠቀም። መዳፋችሁን እያጠበቃችሁ ጥቂት ጊዜ እሹት። አንዳንድ ፀጉር ቢወጣ ያለ ነው። በእፍኝ የሚወጣ ከሆነ ግን ከአሮጌ ጨርቅ ተፈልፍሎ እንደገና የተፈተለ አጭር ፀጉር ሊሆን ይችላል። እሱ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ዕድሜውም አጭር ነው።

ጠርዙን አትርሱ። ከሁሉም ቀድሞ የሚተረተረው እሱ ነው። የታጠፈና የተሰፋ፣ ወይም በወፍራም ክር የተቆለፈ ይሁን። ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ከሆነ ስፌቱን ከሁለቱም በኩል ሳቡት። የሚከፈት ስፌት ሌሊት ነፋስ ያስገባል። ጉዳቱ ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ መርፌና ክር ያለው ሰው ያበጀዋል። ዋጋ ለመቁረጥ ግን ጥሩ ምክንያት ነው።

6. ልኩን በቁመታችሁ ለኩ

እግር የሚሸፍን ትከሻን ከገለጠ ምን ይጠቅማል? ቁመታችሁ ላይ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። 1.75 ሜትር የሚረዝም ሰው 2.15 ሜትርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ትርፉ እግር ስር ለማጠፍና አንገት ጋ ለመሰብሰብ ነው።

ወርዱ ለአንድ ሰው ከ1.5 ሜትር አይነስ። በጎን ስትገላበጡ ጀርባችሁ የሚገለጠው ጠባብ ሲሆን ነው። ግማሹን አንጥፋችሁ ግማሹን ለመልበስ ካሰባችሁ 1.8 ሜትር ይሻላል።

7. አንገታችሁ ላይ አቆዩት

ሱፍ የሚኮሰኩሰው ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የፀጉሩ ውፍረት ነው። ውፍረቱ ከ30 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው) በላይ የሆነ የፀጉር ጫፍ ቆዳን ይወጋል። ሜሪኖ ከሚባለው በግ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከ24 ማይክሮን በታች ነው፤ ለዚህ ነው የሚለሰልሰው፣ ዋጋውም የሚወደደው። የእኛ የመንዝ በግ ፀጉር ሸካራ ነው። ለምንጣፍም የተመረጠው ለዚሁ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ይቆያል።

መዳፍ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ አይነግራችሁም። ብርድ ልብሱን አንገታችሁ ላይ ጣል አድርጉና ከሻጩ ጋር ዋጋ እየተነጋገራችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ከኮሰኮሳችሁ የግድ መተው የለባችሁም። ከውስጥ ስስ አንሶላ ወይም ነጠላ አድርጋችሁ ከላይ እሱን ልበሱት። ፊት የሚነካውን ጠርዝ በጥጥ ጨርቅ ማስለበጥም ይቻላል፤ ማንኛውም ልብስ ሰፊ ይሠራላችኋል። ለሕፃናት ግን ለስላሳውን ፈልጉ። ሌሊቱን ሲያኩ ማደር የለባቸውም።

8. የት ልግዛ?

ለሱፍ አገር ካላችሁ መንዝና ደብረ ብርሃን ናቸው። መንዝ ውስጥ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ባና የሚባለው ወፍራሙ የሱፍ ልብስ፣ በርኖሱም ከዚሁ ሙያ ነው የሚወጣው። ባና ከባድ ነው፣ ሸካራ ነው፣ ለትከሻ ጉዞ አይሆንም። ለመኪና ጉዞ፣ ለእሳት ዳር፣ መሬት ላይ ለማንጠፍ ግን ከእሱ የሚሻል አላውቅም። የተፈጥሮ ቀለሙ ጥቁርና ቡናማ ስለሆነ ቆሻሻም ቶሎ አይታይበትም። ከሸማኔው እጅ ስትገዙ ሱፉ ከየት እንደመጣ፣ ድሩ ምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያስረዳችኋል። ይህ ሙያ እንዲቀጥል የምንፈልግ ከሆነ ተከራክረን ዋጋውን መሬት ማውረዱ አያስፈልግም። የአንድ ባና ፈትል ብቻ ስንት ቀን የሚፈጅ ድካም ነው።

ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ ናት። የፋብሪካ ብርድ ልብስ ከባና ይቀላል፣ ሽመናው እኩል ነው። የሱፉ መጠን ግን ከዓይነት ዓይነት ሊለያይ ይችላል። ምልክቱን አንብቡ፣ ክሩን ፈትሹ።

አዲስ አበባ ላሉ መርካቶ አለ፤ ሰልባጅ ተራም አይናቅም። ከውጭ የመጡ ደህና የሱፍ ብርድ ልብሶች አልፎ አልፎ እዚያ ይገኛሉ። ከሰልባጅ የምትገዙት ላይ ብል የበላው ቀዳዳ እንዳለ በብርሃን እዩ፤ በእጥፋቱ ውስጥ ነጭ ትል ወይም ድር መሳይ ነገር ካለ ወደ ቤታችሁ አታስገቡት።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለአገር ቤት ጉዞ የምትገዙ ደግሞ ምልክቱን በደንብ አንብቡ። በአሜሪካ ከ1939 (እ.ኤ.አ.) ሕግ ጀምሮ የሱፍ ዕቃ ላይ የሱፉ መጠን በመቶኛ መጻፍ አለበት። በአውሮፓ ኅብረትም የጨርቁ ዓይነት መገለጽ አለበት። «ቨርጂን ዉል» የሚለው ሱፉ ቀድሞ ያልተሠራበት አዲስ ነው ማለት ነው። የወታደር ብርድ ልብስ እየተባሉ የሚሸጡት ብዙ ጊዜ ድብልቅ ናቸው፤ ጥሩዎቹ ላይ ሱፉ ከ80 በመቶ አያንስም። «የሱፍ ስሜት ያለው» የሚል ቃል ብቻ ካያችሁ ሱፍ የለበትም ማለት ነው።

9. ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ሞክሩት

አዲስ ብርድ ልብስ በቀጥታ ተራራ ላይ አይሞከርም። አንድ ሌሊት ቤት ውስጥ መስኮት ከፍታችሁ፣ ፍራሹን ትታችሁ በጉዞው ልብስ እሱን ብቻ ለብሳችሁ ተኙ። እግር ይገልጣል? ይኮሰኩሳል? ጎን ስትዞሩ ይከፈታል? ቅጥር ግቢ ወይም ሰገነት ላይ ማደር ብትችሉ ደግሞ የበለጠ ይነግራችኋል። ከዚያ ጠቅልላችሁ ቦርሳው ውስጥ መግባቱን እዩ። ጥብቅ አድርጋችሁ በገመድ እሰሩት፤ በላዩ ፌስታል ወይም ውሃ የማያስገባ ከረጢት አልብሱት። ጉዞ ላይ ሱፍን ከዝናብ መጠበቅ የግድ ነው።

10. ሌሊቱን እንዴት እንጠቀምበት?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁሉንም ከላይ ይደራርባል፤ ብርዱ ግን ከስር ነው የሚመጣው። መሬት የሰውነታችሁን ሙቀት ይስባል። ስትተኙበት ደግሞ ጀርባችሁ ስር ያለው ብርድ ልብስ ይጨፈለቅና አየሩ ይወጣል፤ ስለዚህ ከስር የሚገባው ነገር በቀላሉ የማይጨፈለቅ መሆን አለበት። ስፖንጅ ካለ ስፖንጅ፣ ከሌለ ጭድ ወይም ደረቅ ሳር፣ እሱም ከጠፋ ካርቶን አንጥፉ። የመንዝ ጓሳን ሳር ግን አትንኩት። ጥብቅ ስፍራ ነው፤ ማኅበረሰቡ ለዘመናት በራሱ ሕግ ሲጠብቀው የኖረ ሳር ነው። የሚነጠፍ ይዛችሁ ሂዱ።

ሰፊ ብርድ ልብስ ካላችሁ እንዲህ እጠፉት። መሬት ላይ ዘርግታችሁ ከመካከሉ ትንሽ ወደ አንድ ጎን ተኙ። ጠባቡን ጎን መጀመሪያ በላያችሁ መልሱና ከወገባችሁ ስር ወትፉት። ሰፊውን ጎን በላዩ ደርቡና በሌላው ወገን ከስር አስገቡት። የእግሩን ትርፍ ወደ ስር አጥፉት። እንዲህ ከሆነ ስትገላበጡ አይከፈትም።

ጋቢ ያላችሁ ከውስጥ ጋቢውን፣ ከውጭ ሱፉን አድርጉ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ አየር ይይዛል፣ ለቆዳም ይለሰልሳል። ጥጥ መሆኑን ግን አትርሱ። ከረጠበ አውልቁት፤ ሱፉን ብቻ መልበስ ይሻላል።

በብርድ ልብሱ ስር አፍና አፍንጫችሁን አስገብታችሁ አትተኙ። ትንፋሹ ውስጡን ያረጥበውና ወደ ሌሊቱ መጨረሻ ይበርዳችኋል። ራሳችሁን በኮፍያ ወይም በሻሽ ሸፍኑ፤ ፊታችሁን ግን ክፍት አድርጉ። ደረቅ ካልሲ ለሌሊቱ ብቻ ለይታችሁ ያዙ። ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጋችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ እግራችሁ ጋ አስቀምጡ። ቀዝቅዞ መተኛት አይገባም፤ ከመኝታ በፊት ጥቂት ተራመዱ፣ ትኩስ ነገር ጠጡ። ብርድ ልብስ የራሳችሁን ሙቀት ይይዛል እንጂ አይፈጥርም።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብርዱ ምንም ያህል ቢያይል የከሰል ምድጃ ድንኳን ወይም የተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስገቡ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ ተኝቶ ያለን ሰው ሳያነቃው ይገድላል። ላሊበላ ለገና፣ ጃንሜዳ ለከተራ፣ ተራራ ላይም የምታድሩ ሁሉ አብሯችሁ ላለው ሰው ይህን ንገሩት።

ፔንሲዮን ውስጥ ደግሞ የቤቱን ብርድ ልብስ ዘርግታችሁ እዩ። የትኋን ወይም የቁንጫ ምልክት ካለ የራሳችሁን ልበሱና የእነሱን ከአልጋው አርቁት። የራሳችሁን ብርድ ልብስ ከያዛችሁበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

11. ከጉዞ መልስ

ሱፍ ቶሎ ቶሎ መታጠብ አይፈልግም። ጠዋት ጠዋት ነፋስ ላይ አንጠልጥሉት፤ ያደረውን እርጥበትና ሽታ አብዛኛውን ይለቃል። የጭስ ሽታም ጥቂት ቀን ጥላ ስር ከተሰጣ ይሄዳል።

መታጠብ ካለበት በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ፣ በለዘብተኛ ሳሙና ይታጠብ። የፀጉር ሻምፖም ይሠራል። ሙቅ ውሃና ማሸት አንድ ላይ ሲሆኑ ፀጉሮቹ ይጠላለፋሉ፤ ብርድ ልብሱም ይሸበሸብና ይጠባል፤ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ስለዚህ ከውሃው ውስጥ ቀስ ብላችሁ ጫኑት እንጂ አትሹት፣ አትጠምዝዙት። ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ጠቅልሉና ርገጡት፤ ውሃው ወደ ፎጣው ይሄዳል። ከዚያ ጥላ ላይ ጠፍጣፋ ቦታ አስጡት። ውሃ የያዘ ሱፍ ገመድ ላይ ከተንጠለጠለ በክብደቱ ይለጠጣል።

ስታስቀምጡት ንጹሕና ፍጹም ደረቅ ይሁን። ብል የላብና የምግብ እድፍ ያለበትን ሱፍ ይወዳል። ፀሐይ ላይ አንዴ አራግፉት፣ በብሩሽ ጥረጉት፣ ከዚያ አየር በማያስገባ ከረጢት አስራችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገቡ። ብል ለማባረር የሚቀመጠው ናፍታሊን መርዝ ነው፤ ከተጠቀማችሁ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይሁን፤ ከመልበሳችሁ በፊትም ብርድ ልብሱን ጥቂት ቀን ነፋስ ላይ አቆዩት። ብል ገብቶበት ከሆነና ጥልቅ ማቀዝቀዣ ካላችሁ በከረጢት አስራችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ 2 ሳምንት አቆዩት፤ እንቁላሉም ትሉም ይሞታል። በየሁለትና ሦስት ወሩ ከረጢቱን ፍቱና እጥፋቱን እየገለጣችሁ እዩ።